የአንድ ቀን ፈቃድ በሐረር

የዕረፍት ቀን ለወታደር እንደ ደመወዝ ነው፤ ገና ከእጁ ሳይገባ በልቡ መንዝሮ ይጨርሰዋል። ጧቱን ለጉዳይ፣ ቀትሩን ለምሳ፣ ማታውን ለቤት ብሎ ይደለድላል። ሚስትም በበኩሏ ለዚያች ቀን ያጠራቀመችው ነገር አይጠፋም፤ የሚጠገን ጫማ፣ የሚረዝም የልጅ ልብስ፣ ባል ካልፈረመበት የማያልቅ ወረቀት፣ ብቻዋን የማትሸከመው ዕቃ። ከጓደኞቼ አንዱ «ፈቃድ ማለት ከአንዱ ግዳጅ ወደ ሌላው ግዳጅ መዛወር ነው» እያለ ይቀልዳል። እኔም እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ ግዳጁ የሚፈጸምበት ከተማ ሐረር፣ ወሩም ሚያዝያ በሆነ ጊዜ ቅር የሚለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ወሩን በዋዛ አላነሣሁትም። ጸደይ በተባለ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው መስከረምንና አደይ አበባን ነው። እንደ ባሕረ ሐሳብ አቈጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወራት መፀው ሲባል፣ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ ገበሬው በልግ ብሎ የሚጠራው ወቅት ነው። የቃሉን ክርክር ለሊቃውንት ትቼ፣ በሐረር የሚኖር ሰው ከሁለተኛው ወገን ቢቆም አይፈረድበትም እላለሁ። የበጋው አቧራ በበልጉ ዝናም ይታጠባል፤ ከከተማዪቱ በስተ ደቡብ ያለው የሐኪም ጋራ ይለመልማል፤ በዙሪያው ያለው ገበሬ ማሽላውን ይዘራል፤ ማንጎውም በየመንገዱ ዳር መቈለል ይጀምራል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች ፀሓይዋ አትጠብስም፣ ጥላዋም አያንቀጠቅጥም። በዚያ ላይ ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ኀምሳ ስለ ነበር፣ ረቡዕም ቢሆን አይጾምም። የእኔ ፈቃድ ደግሞ የዋለው ረቡዕ ቀን ነው።

ሐረርን ለማያውቋት አንባብያን ጥቂት ልበል። ሐረር ሁለት ከተማ ናት ማለት ይቻላል። አንደኛዪቱ ጀጎል በተባለው ግንብ ውስጥ ያለችው አሮጌዪቱ ናት፤ ሁለተኛዪቱ ከግንቡ በስተ ምዕራብ የተስፋፋችው፣ ሰፊ ጎዳናና መሥሪያ ቤት ያለባት ናት። ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አሚር ኑር ናቸው። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን የጥንት በሮቹ አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። መኪና የሚገባበት ሐረር በር ከእነዚህ በኋላ የተከፈተ ነው። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች እንዳሉ ተመዝግቧል፤ ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የአገሩ ሰው ግን ይህ ሁሉ ማዕርግ ሳያሻው ከተማውን በአጭሩ «ጌይ» ይለዋል። ትርጕሙ «ከተማ» ማለት ነው፤ በምድር ላይ ሌላ ከተማ የሌለ ይመስል።

እኛ ወታደሮች ብዙውን ጊዜ የምናውቀው ሁለተኛዪቱን ሐረር ነው። በሸራ በተሸፈነ መኪና ገብተን በሸራ በተሸፈነ መኪና እንወጣለን። የመጀመሪያዪቱን የሚያውቋት ሚስቶቻችን ናቸው።

ያ ረቡዕ ለእኛ ቤት ከሌሎቹ የፈቃድ ቀኖች የተለየበት ምክንያት ነበረው። ክፍላችን ሰኞ ጧት ለረጅም ጊዜ ወደ ሌላ ሥፍራ እንዲንቀሳቀስ ትእዛዝ ደርሶታል። የት እንደ ሆነና ለስንት ወር እንደ ሆነ በእንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚነገር አይደለም፤ የወታደር ሚስቶችም ይህን መጠየቅ ከተዉ ቈይተዋል። ባለቤቴ ወደ ሐረር ከመጣች አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። የትውልድ አገሯ ደብረ ማርቆስ ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኔ የምለው፣ በማልኖርበት ጊዜ ሰባት ዓመት የሆናትን ልጃችንን ይዛ እናቷ ቤት ትቈይ ነው፤ ዘመድ ያለበት አገር ይሻላል፣ ልጅ ሌሊት ብትታመም በር የሚያንኳኩበት ሰው ያስፈልጋል እላለሁ። እሷ ደግሞ ልጅቷ ትምህርቷን በሚያዝያ አታቋርጥም፣ እኔም ከቤቴ አልነሣም ትላለች። ሦስት ሌሊት ተነጋግረንበት አልተግባባንም። ስለዚህ በጉዳዮቻችን ዝርዝር መጨረሻ ላይ፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ «የአውቶቡስ ትኬት» የሚል ሰፈረ። እሷም አንብባ ወረቀቱን አጠፈችና ወደ ቦርሳዋ ከተተችው።

መጀመሪያ የሄድነው ውክልና ወደሚሰጥበት ጽሕፈት ቤት ነው። በዚህ ጉዳይ አልተጣላንም፤ ውክልና ለሄደችም ለቀረችም ያስፈልጋል። ወረቀቱ ስለሚጠቅማቸው እኅቶቼ ነገሩን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውክልናን ጠቅላላና ልዩ ብሎ ይከፍለዋል። ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል፤ ቤት ለመሸጥና ይህን ለመሰለው ከባድ ጉዳይ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሙሉ ውክልና ሰጥቻታለሁ» ብሎ በደፈናው መሄድ አይበቃም። ከባንክ ገንዘብ ማውጣትም ይሁን፣ የቤት ኪራይ ውል ማደስም ይሁን፣ ልጅን ትምህርት ቤት ማስመዝገብም ይሁን፣ የሚፈለገው ነገር በወረቀቱ ላይ በስሙ ቢጠራ ይሻላል። መታወቂያ ካልታደሰ ደግሞ ሰልፉን ከመያዝ በፊት ማሳደስ ነው። የእኛ ጉዳይ አራት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ባለቤቴ ሁለት ቅጂ አስነሥታ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። «አንተ ጋ ይሁን፤ ወረቀት አንድ ቦታ አይቀመጥም» አለች። የክፍላችን የንብረት ኀላፊ ቢሰማት ደስ ይለው ነበር።

ከዚያ ልጃችንን ከትምህርት ቤት ወሰድናት። ከመምህርቷ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቀን ነበር፤ አባቷ የሚሄድ መሆኑን የሰማች መምህርት ልትከለክል አልቻለችም። ሐረር ለብዙ ዓመታት በፔጆ 404 ታክሲዎቿ የታወቀች ከተማ ነበረች። ዛሬ መንገዱን የያዙት ባጃጆች ናቸው። በአንዷ ተጭነን እስከ ሐረር በር ደረስን፤ ከዚያ ወዲያ ግን በእግር መሄድ እንጂ በተሽከርካሪ መሄድ የጀጎልን ደስታ መንጠቅ ነው። ከበሩ የሚነሣው ቀጥ ያለ ጎዳና ወደ ፈረስ መጋላ ይወስዳል። መጋላ ማለት ገበያ ነው፤ ስሙም የጥንት የፈረስ ገበያ መሆኑን ይነግራል።

ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ፣ ማለትም ወደ ትልቁ ገበያ፣ የሚወርደው ጠባብ መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። ይህን ስም ያወጣለት ሰው ጆሮ ነበረው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ይደረደራሉ፤ የሁሉም መኪና በአንድ ጊዜ ሲሽከረከር የሚሰማው ድምፅ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናም ይመስላል። ጨርቁን ከአንዱ ሱቅ ገዝቶ፣ በር ላይ ለተቀመጠው ሰፊ ሰጥቶ፣ ቡና እስኪጠጡ ድረስ ለብሶ መሄድ ይቻላል። አገልግሎት ማለት ይህ ነው። በትልልቅ ከተሞች ለአንድ ሱሪ ሳምንት የሚያመላልሱትን ሰፊዎች ሁሉ እዚህ አምጥቶ ማስተማር ያሻል።

ባለቤቴ ወደ አንድ ሸምገል ያሉ ሰፊ ዘንድ በቀጥታ ሄደች። እሳቸውም መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አድርገው፣ «ልጄ መጣሽ? ትንሿም አድጋለች፤ እግዜር ይስጥልን» አሉና የልጅቷን የትምህርት ቤት ቀሚስ ተቀበሉ። አልለኩም። አምና ሲሰፉት «ለዕድገት» ብለው ወደ ውስጥ ያጠፉትን ጠርዝ ፈተው፣ በጣታቸው መዝነው፣ እንደ ገና ሰፉት። ሲጨርሱም፣ «ሁለት ጣት አስቀርቻለሁ፤ ለሚመጣው ዓመት ትፈታዋለች» አሉ። ባለቤቴ ወደ እኔ አላየችም። እኔም የመኪናውን መዘውር አይ ነበር።

ጫማ ጠጋኙ ዘንድ ብዙ አልቈየንም፤ የልጅቷን ሶል ለጥፎ፣ የባለቤቴን ነጠላ ጫማ ማሰሪያ ሰፍቶ፣ የእኔን ቡት ጫማ አገላብጦ አየና «ይሄ ይኖራል» ብሎ መለሰልኝ።

ግድር መጋላ ከደረሱ በኋላ ዐይንን ወደ ላይ ማድረግ ይገባል። የሥጋ ተራው ከዚያ ነው፤ በአጥሩና በጣራው ላይ ደግሞ ጭላቶች ሰልፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ሥጋ ገዝቶ የሚወጣ ሰው ዘንቢሉን ካልሸፈነ፣ አንዱ ወርዶ ከእጁ ነጥቆ ይሄዳል። ሥጋ ሻጮቹ ይህን እንደ ግብር ቈጥረውት ቍርጥራጩን ወደ ሰማይ ይወረውሩላቸዋል፤ ወፎቹም ሳይወድቅ በአየር ላይ ይቀልቡታል። ልጃችን ከዚህ ቦታ እንድትነሣ ለማድረግ ማንጎ ቃል መግባት አስፈለገ። እኔ በበኩሌ የአነጣጠራቸውን ነገር እያደነቅሁ ነበር፤ በተኩስ ሜዳችን እንደነዚህ ያለ ዐይን ያላቸው ብዙ የሉም።

ከገበያው ዳር ከዙሪያው ቀበሌ የመጡ የኦሮሞ ሴቶች ማንጎውን፣ ዘይቱኑን፣ የባቢሌውን ለውዝ በሰፌድ አድርገው ተቀምጠዋል። እኔ በአማርኛ ዋጋ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ። «አከም ጂርታ?» ብላ ሰላምታ ሰጠች፤ ቀጥላም «ኩን ሜቃ?» ብላ ዋጋ ጠየቀች፤ ሴትዮዋም መለሰች፤ ሁለቱም ሳቁ፤ ምን እንደ ተባለ እኔ አላወቅሁም። ብቻ ከተመዘነው በላይ ሁለት ማንጎ ተጨመረልን። ከዚያም በርበሬውን፣ እርዱንና ኮረሪማውን ከሌላዋ ዘንድ ስንገዛ፣ ባለቤቴ ኮረሪማውን በጥርሷ ሰብራ አሸተተች፤ አልተስማማትም መሰለኝ ወደሚቀጥለው ሰፌድ አለፈች። ዘንቢሉን መያዝ የእኔ ሥራ ሆነ። በዚህ ዓይነት አንድ የሃምሳ አለቃ በሚስቱ አዛዥነት ግድር መጋላን ዞረ።

ከገበያው የሚወጡት መንገዶች ጠባቦች ናቸው። ከሁሉም የጠበበችው አስጐብኚዎች የዕርቅ መንገድ የሚሏት ናት። ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ከወዲያና ከወዲህ መጥተው በእሷ ውስጥ ከተገናኙ፣ ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ መተላለፍ ስለማይችሉ ሳይወዱ በግድ ይነጋገራሉ ይባላል። በዚያ በኩል ስናልፍ ልጃችን ከፊት፣ እናቷ ከመካከል፣ እኔ ዘንቢሉን ታቅፌ ከኋላ ሆነን በአንድ ረድፍ ሄድን። ከወዲያ በኩል እንጨት የተሸከመች ሴት ብትመጣ ሁላችንም ከግድግዳው ተለጠፍን። እንጨቱ ካለፈ በኋላ ባለቤቴ ዞራ፣ «አሁን ታርቀናል ማለት ነው?» አለችኝ። «ትኬቱ ካልቀረ?» አልኳት። «እሱ የዝርዝሩ መጨረሻ ነው፤ ገና አልደረስንበትም» አለች።

ቡና የጠጣነው በአንዲት የሐረሪ እናት ቤት ነው። ባለቤቴ ከእኚህ እናት ጋር የተዋወቀችው በጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ መሆኑን ሰምቼ ነበር፤ ቤታቸውን ግን ከዚያ በፊት አላየሁም። የሐረሪ ቤት ከውጭ ሲያዩት ኖራ የተቀባ ግንብና አንዲት በር ብቻ ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ጫማ አውልቆ የሚገባበት ሰፊ ክፍል አምስት ነደባ አለው። ነደባ ማለት ከወለሉ ከፍ ተደርጎ የተሠራ፣ ምንጣፍ የሚነጠፍበት መደብ ነው። እያንዳንዱ ነደባ ስምና ማዕርግ ስላለው እንግዳው ዝም ብሎ እንደ ደረሰ አይቀመጥም፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ማዕርግ ለለመደ ሰው ይህ ደስ የሚያሰኝ ሥርዐት ነው። በግድግዳው ላይ በቀለም የተለቀሙ ስፌቶች ከላይ እስከ ታች ተሰቅለዋል። በአንዳንድ ቤት ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር የተቀባ ነው። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት የከተማው ሰዎች መታሰቢያ እንደ ሆነ ይነገራል። ይህን ስሰማ እግሬን የት ላይ እንዳሳረፍሁ ዝቅ ብዬ አየሁ።

ቀርቦልን የጠጣነው ቁጢ ነው። ይኸውም የቡናው ፍሬ ሳይሆን ቅጠሉ ታምሶ፣ ተፈልቶ፣ በወተት የሚጠጣ ነው። ቡና ለዓለም በሚላክበት አገር ቅጠሉን ለራስ ማስቀረት ብልኀት ነው። ልጃችን ቤቷ ያለች ያህል ወደ ጓዳው ገብታ ከቤቱ ልጆች ጋር ትጫወት ነበር። ባለቤቴም ከግድግዳው ጥግ አንድ የተጀመረ ስፌት አውርዳ፣ ወስፌዋን ይዛ ከተወችበት ቀጠለች። እስከ ግማሹ ደርሷል።

«ያንቺ ነው?» አልኳት።

«እንግዲህ እየተማርኩ ነው» አለች።

እኚያ እናትም ለእኔ ሁለተኛውን ሲኒ እየቀዱ፣ «እጇ ፈጣን ነው። ያን ጊዜ ትንሿ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ነው የጀመረችው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ አስጨንቋት» አሉ።

እኔ ባለፈው ጥቅምት በልምምድ ላይ ሳለሁ ባለቤቴ በስልክ «ትንሽ አሟት ነበር፤ ደኅና ናት» ብላኝ ነበር። ከዚህ በቀር የማውቀው አልነበረም። ለካ ልጅቷ ሌሊት በትኩሳት ስትቃጠል ባለቤቴ ለእኚህ እናት ደውላ፣ ባጃጅ የሚነዳው ልጃቸው በሌሊት ልብሱ ተነሥቶ ከግንቡ ውጭ ካለው ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ልጃችንን ተሸክሞ ሆስፒታል አድርሷታል። ሦስት ቀን ሲተኙም ምግብ የተመላለሰው ከዚህ ቤት ነው። ልጁ በዚያን ሰዓት ከሥራ ላይ ስለ ነበር እጁን ጨብጬ ላመሰግነው አልቻልሁም። እናቱን ብነሣ ብጨብጣቸው፣ «ተው ልጄ፤ ቁጢው ይበርድብሃል» አሉኝ።

ከዚያ ቤት ወጥተን ብዙ መንገድ ሳንነጋገር ሄድን። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት በመጨረሻ። «በሜዳ ላይ ያለ ሰው ይህን ሰምቶ ምን ያደርጋል? ጠመንጃውን ጥሎ አይመጣ» አለችኝ። የአንባብያን ሚስቶች ይህን አነጋገር የሚያውቁት ይመስለኛል።

ምሳችንን ከፈረስ መጋላ አጠገብ ጥብስ በላን፤ ረቡዕ ቀን ሥጋ መብላት እንዴት ደስ እንደሚል የሚያውቀው ዓመቱን ሙሉ ሲጾመው የኖረ ነው። ምሳ በኋላ ለእግር መፍቻ ያህል የራምቦ ቤት ወደሚባለው ጎራ አልን። አርተር ራምቦ በወጣትነቱ ግጥም መጻፍ ትቶ ነጋዴ የሆነ ፈረንሳዊ ባለቅኔ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1891 ባለው ጊዜ ውስጥ እየተመላለሰ በሐረር ነግዷል። በስሙ የሚጠራው ባለፎቅ የእንጨት ቤት ግን እሱ የኖረበት አይደለም፤ አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው ይባላል። ቢሆንም ቤቱ ያማረ ነው። ከተሰቀሉት የጥንት ሐረር ፎቶግራፎች ይልቅ ልጃችንን የማረካት ባለቀለሙ የመስኮት መስታወት ነበር፤ በቀዩ፣ በሰማያዊው፣ በአረንጓዴው እየተዘዋወረች ከተማዪቱን አየች። ወላጆቿም ተራ ደረሳቸው። ሐረር በአረንጓዴው መስታወት ውስጥ ስትታይ ሐምሌን ትመስላለች።

ከዚያ ፎቶግራፍ ተነሣን። ዛሬ ሰው ሁሉ በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ነገር ግን በወረቀት የታጠበ ፎቶግራፍ ባትሪው አያልቅም፣ በደረት ኪስም ይገባል። ፎቶግራፍ አንሺው ባለቤቴን ከወንበር አስቀምጦ እኔን ከኋላ አቆመኝ፤ ልጅቷ ግን ማንጎዋን አላስቀምጥም ስላለች ከነማንጎዋ ተነሣች። ሦስት ቅጂ አዘዝን፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለደብረ ማርቆስ አያት። ሦስተኛው ሲታዘዝ «በፖስታ እንልከዋለን» ያለችው ባለቤቴ ናት። ሰውን በአካል የሚልክ ሰው ፎቶግራፉን በፖስታ አይልክም ብዬ አሰብሁ፤ ነገር ግን አልተናገርሁም።

ቀኑ ወደ ማዘንበሉ ሲሆን ከሸዋ በር ውጭ ካለው ገበያ ደረስን። ከዝርዝሩ ውስጥ የቀሩት ሁለት ነገሮች ብቻ መሰሉኝ፤ ከሰልና ትኬቱ። ባለቤቴ ግን ከሰሉን ካስያዘች በኋላ በቀጥታ ወደ ሸክላ ተራ ሄደች። እዚያም ምጣዶች እንደ ጋሻ ተደርድረው ቆመዋል። አንዱን አንሥታ በጣቷ አንጓ መታችው፤ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች፤ አስቀመጠችው። ሁለተኛውን መታች፤ አስቀመጠችው። የተሰነጠቀ ምጣድ ሲመቱት ድምፁ ይታፈናል፤ ደኅናው ግን እንደ ደወል ይጠራል። አራተኛው ጠራ። ዋጋውን ተከራክራ፣ ከፍላ፣ ምጣዱን ለእኔ አስታቀፈችኝ።

እኔም «ይህ ከዝርዝሩ ላይ የለም» አልኳት።

«አሮጌው ተሰንጥቋል፤ የኤሌክትሪኩም መብራት በሄደ ቍጥር ሥራ ይፈታል። ሰኞ ትሄዳለህ፤ ድርቆሽህ በምን ይጋገራል?»

ለዚህ የሚሰጥ መልስ አልነበረኝም። ከዚህ ላይ ለወንዶች አንባብያን አንድ ነገር ማስገንዘብ ይገባኛል። አዲስ ምጣድ ተገዝቶ ዕለቱን እንጀራ አይጋገርበትም፤ በእሳት ላይ ተጥዶ፣ በጎመን ዘር እየታሸ፣ ልስላሴ እስኪያገኝ ድረስ ይሟሻል፤ እንጀራውም ሳይቦጨቅ እስኪነሣ ቀናት ይወስዳል። ከተሟሸ በኋላ ደግሞ በጥንቃቄ ከተያዘ ለዓመታት ያገለግላል። አገር ለመልቀቅ ያሰበች ሴት ምጣድ አትገዛም።

ወደ ቤታችን የሚወስደው መንገድ በአውቶቡስ መናኸሪያው በኩል ያልፋል። አንድ ረዳት ገና ከሩቅ ሲያየን «አዲስ አበባ! የነገ አለ!» እያለ ጮኸብን። ልጃችን የማንጎዋን ፍሬ እየመጠጠች ትሄዳለች፤ ባለቤቴ ከሰሉን ያስጫነችበትን ልጅ «ቀስ በል፤ ይፈስሳል» ትለዋለች፤ እኔ ምጣዱን በሁለት እጄ ታቅፌ የመንገዱን ድንጋይ አያለሁ። ረዳቱ ምጣዱን ባየ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ሌሎች መንገደኞች ዞረ። እኛም አለፍን።

በዚያ ምሽት ምጣዱ ተጣደ። የጎመን ዘሩ ጢስ ቤቱን ሞልቶ ከቤት አስወጣን፤ ሦስታችንም ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። በጀጎል ግንብ ሥር ለጅብ መግቢያ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ በሌሊት ይገቡና የተጣለውን አጥንት ለቅመው ይወጣሉ፤ ከግንቡ ውጭም ሥጋ በእጅ የሚያጎርሷቸው ሰዎች አሉ። ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆን የመጀመሪያው ጮኸ። ልጃችን ከምን በኩል እንደ ጮኸ በጣቷ አሳየችኝ፤ እዚህ አገር የኖረችው ከእኔ ይልቅ እሷ ናትና ስለ ጅብ የማታውቀው የላትም። ባለቤቴ ገብታ ምጣዱን አሽታ ወጣች፤ እጇ የጎመን ዘር ይሸታል። የዝርዝሩን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ እሳቱን ለማቀጣጠል ተጠቅማበት ኖሯል፤ ሳየው ዳሩ ብቻ ቀርቷል።

ዐርብ የጋገረችው ተቦጨቀ። ቅዳሜ ሰባት እንጀራ ደኅና ሆኖ ወጣ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የበልጉ ዝናም ስለ ታገሠልን፣ ድርቆሹ በቆርቆሮው ጣራ ላይ በንጹሕ ነጠላ ተሰጥቶ ነበር፤ ልጃችንም ወፍ እንዳይነካው ከሥሩ ቁጭ ብላ ትጠብቅ ነበር።